ከበረት እስከ ማሳ፦ የባዮጋዝ ታሪክ ለኅብረት ሥራችን ምን ያስተምራል?



በበዓል ዕትም የተሠራውን ማመስገን፣ የሚሠራውንም መመኘት የተለመደ ነው። እኔ ግን ተጀምሮ በየመንገዱ ስለቀረ አንድ ሥራ ልጽፍ ወደድሁ። ምክንያቱም በአባል መሠረታዊ ማኅበራት ስብሰባዎች ላይ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚነሳ ሐሳብ አለ። እበቱ፣ ገለባው፣ ገለፈቱና ፋጉሎው ሳይባክን ተመልሶ ምርት ይሁን፣ ዩኒየናችንም በዚህ ገቢ ያግኝ የሚል ነው። ሐሳቡ እጅግ መልካም ነው። ነገር ግን ለአገራችን አዲስ አይደለም። ተሞክሯል፣ ተወድሷል፣ በብዙ ቦታም ተቋርጧል። ስለዚህ ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ያለፈውን ታሪክ ብናገላብጥ አይከፋም እላለሁ።

በምሠራበት ቀበሌ አንድ ቀን ወደ አንዲት እናት ግቢ ጎራ አልሁ። የባዮጋዝ ማብላያው የመውጫ ገንዳ ክዳን ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። "እማማ፣ ባዮጋዙ አይሠራም እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ልጄ፣ ሲሠራ ወጡንና ቡናውን እንደ ልብ ነበር" አሉኝ። "እንጀራው ላይ ግን አይደርስልኝም። ለእንጀራ ብዬ ማገዶ መልቀሜ ካልቀረ፣ ለወጥ ስል በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ውኃ የማፈስለት ስለምንድን ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ያ ጉድጓድ እንዲቆፈር ቤተሰቡን ያግባባሁት እኔ ነበርኩ። በዚያን ዓመት ሪፖርቴ ላይ ማብላያው "የተገነባ" በሚለው ዓምድ ተመዝግቧል። "በመሥራት ላይ ያለ" የሚል ዓምድ በቅጹ ላይ አልነበረም፤ እኔም ይጨመር ብዬ አልጠየቅሁም። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝም የእኚህ እናት ጥያቄ ነው።

የቀድሞው ዙር እና የተቋረጠበት ምክንያት

እንደሚታወቀው ቅይጥ ግብርና ራሱ ዙር ነው። ከብቱ የማሳውን ገለባና ቃርሚያ ይበላል፤ እበቱ ወደ ጓሮና ወደ ማሳ ይመለሳል፤ ማሳው ደግሞ እህልና ገለባ ይሰጣል። በደቡብ የአገራችን ክፍል እንሰት ለዘመናት አፈሩን ሳያራቁት የኖረው ከቤቱ የሚወጣው ፍግ ስለማይለየው ነው። በኮንሶም አርሶ አደሩ እርከኑን ብቻ ሳይሆን በግቢ አስሮ የሚቀልበውን የከብቱን ፍግም ጭምር ይዞ ነው መሬቱን የጠበቀው። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ግን ዙሩ ቀስ በቀስ ተቋርጧል። ዛፍ ሲመናመን እበቱ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ገባ። ከተሞች ሲያድጉ ደግሞ ኩበት የገበያ ዕቃ ሆነ፤ የማሳው ሲሳይ በአህያና በሴቶች ጀርባ እየተጫነ ወደ ከተማ ወጣ። ኩበት ሲነድ ካርቦኑና ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ይሄዳሉ። ፎስፈረሱና ፖታሹ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ ይሁን እንጂ አመዱ ተሰብስቦ ማሳ ላይ ሲበተን የሚታየው በጥቂት ቤት ነው።

ለዚህ ክፍተት የተገኘው መልስ ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያ ነበር። ከ1960 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአርሲ የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ፣ በስዊድን ድጋፍ ማዳበሪያን ከምርጥ ዘርና ከብድር ጋር ለአርሶ አደሩ አስተዋወቀ። ማዳበሪያ ምርት እንደሚጨምር አይካድም፤ እኔም ዘወትር የምመክረው ነው። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲንር በየመጋዘናችን የነበረውን ጭንቀት ሁላችንም እናስታውሳለን። ከባሕር ማዶ በሚመጣ ግብዓት ላይ ብቻ መደገፍ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ በደንብ ተረድተናል። "እበቱን መልሱልን" የሚለው ጥያቄም ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ከአምቦ የጀመረው ሙከራ

ባዮጋዝ ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚመልስ ሆኖ ቀረበ። እበቱ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ገንዳ ውስጥ ሲብላላ የሚነድ ጋዝ ይሰጣል። ባዮስለሪ የሚባለው ዝቃጭ ደግሞ ወደ ማሳ ይመለሳል። ናይትሮጅኑ እንደ ኩበቱ በጢስ አይጠፋም፤ አብዛኛው ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል።

በአገራችን የመጀመሪያው ማብላያ የተሠራው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የግብርና ትምህርት ቤት ነው። ጋዙም የእርሻ መሣሪያዎችን ለመበየድ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ በተለይም በደርግ ዘመንና ከዚያም ወዲህ በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች አማካይነት ማብላያዎች በየቦታው ተሠሩ። እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ ቁጥራቸው 1,000 ገደማ ደርሶ ነበር። ከቤተሰብ አነስተኛ ገንዳ ጀምሮ እስከ 200 ሜትር ኩብ የሚይዙ የተቋማት ማብላያዎች ይገኙባቸው ነበር። ነገር ግን ጥናት ሲደረግ ቀላል የማይባለው ክፍል ሥራ አቁሞ ተገኘ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች ውስጥ የክትትል ማነስ፣ የቴክኒክ ብልሽት፣ የውኃ እጥረት፣ የከብት ቁጥር መቀነስና የባለቤት መልቀቅ ይገኙባቸዋል። በሌላ አነጋገር ጋዙ አልነድም ብሎ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ሥራ ባለቤት በማጣቱ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አልነበረም። ቻይና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዘመቻ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጉ ማብላያዎችን ገንብታለች። በጥድፊያና በደካማ ግንባታ ስለተሠሩ ብዙዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጋዝ እያፈሰሱ ተተዉ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ ከብዛት ይልቅ ጥራትን ወደ ማስቀደም ተመለሰች። ኔፓል ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደች። እ.ኤ.አ. በ1992 በተጀመረው የባዮጋዝ ድጋፍ መርሐ ግብር ለአርሶ አደሩ ድጎማ ሲሰጥ፣ ገንቢዎቹ የተወሰነውን የግንባታ ደረጃ እንዲጠብቁና ለሠሩት ሥራ የጥገና ዋስትና እንዲሰጡ ግዴታ ተጣለባቸው። ግንበኛው ክፍያውን ተቀብሎ እንዳይሰወር ተደረገ ማለት ነው። ልዩነቱን ያመጣው ከቴክኒኩ ይልቅ ይህ ውል ይመስለኛል።

ስንዱ እና ያጋጠመው

በአገራችን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ኤስ.ኤን.ቪ. ከተባለው የኔዘርላንድ የልማት ድርጅት ጋር በመተባበር በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ተጀመረ። የተመረጠው ማብላያ ከኔፓሉ ሞዴል ተወስዶ ለአገራችን ሁኔታ የተስተካከለ ሲሆን ስሙም "ስንዱ" ተባለ። ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ፣ ጉልላት ያለው፣ በአግባቡ ከተሠራ ረጅም ዕድሜ የሚያገለግል ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ዕቅድ 14,000 ማብላያዎችን መገንባት ነበር። ምዕራፉ ሲጠናቀቅ የተገነባው ከ8,000 ጥቂት የሚበልጥ ነው። በዚያ ዘመን ሲሚንቶ ጠፍቶና ዋጋው ንሮ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ድጎማው ቢኖርም የቀረውን ወጪ አርሶ አደሩ ከኪሱ ወይም በብድር መሸፈን ነበረበት። ከዚያም ፕሮግራሙ በተከታታይ ምዕራፎች ቀጥሏል፤ ብዙ ቤቶችም ከጢስ ተገላግለዋል። ይህን ማቃለል አይገባም። በምሠራበት አካባቢም ማብላያቸው ያለማቋረጥ የሚሠራላቸው፣ ዝቃጩን ለጓሮ አትክልት የሚያውሉ አባወራዎች አሉ።

ጥያቄው ግን የሚሠራውንና የቆመውን የሚለየው ምንድን ነው የሚለው ነው። ባየሁት መጠን ዙሩ የሚበጠሰው በአምስት ቦታ ነው።

አንደኛው ውኃ ነው። 6 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማብላያ በቀን 40 ኪሎ ግራም ገደማ እበትና ከዚያ ጋር የተመጣጠነ 40 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። በዓመት ሲሰላ ከ14,000 ሊትር በላይ ነው። ውኃው ከቤቱ አጠገብ ከሌለ ይህን ሁሉ የሚሸከመው የማን ጀርባ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ከብት ነው። ማብላያው ያለማቋረጥ እንዲሠራ ቢያንስ አራት ከብት ያስፈልጋል። ከብቶቹም ሌሊት ብቻ በረት የሚያድሩ ከሆነ የሚሰበሰበው እበት ግማሽ ያህል ነው። ድርቅ ሲመጣ ወይም ለልጅ ሠርግ አንድ በሬ ሲሸጥ ማብላያው ይራባል።

ሦስተኛው ምጣድ ነው። ከ40 ኪሎ ግራም እበት በቀን ወደ 1.5 ሜትር ኩብ ጋዝ ቢገኝ ለአንድ ምድጃ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይበቃል። ለወጥ፣ ለቡናና ለሻይ በቂ ነው። እንጀራ ግን ሰፊ ምጣድ ላይ እኩል የተሰራጨ ብርቱ እሳት ይፈልጋል። የባዮጋዝ ምጣድ ለመሥራት ሙከራዎች ተደርገዋል፤ ሆኖም ብዙ ጋዝ ስለሚፈጁ በአነስተኛ ማብላያ ላይ አይመቹም። ከገጠር ቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ እንጀራ መጋገር ነው። እኚያ እናት ያሉኝም ይህንኑ ነው።

አራተኛው ጥገና ነው። ቫልቭ፣ ጎማ፣ የመብራቱ መረብና የምድጃው አፍ በትንሽ ገንዘብ የሚተኩ ዕቃዎች ናቸው። ነገር ግን በቀበሌው ሱቅ አይገኙም። ሠልጥኖ የነበረው ግንበኛም የተሻለ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄዷል። በትንሽ ጎማ ምክንያት ትልቅ ገንዳ ይቆማል።

አምስተኛው ዝቃጩ ነው። ዝቃጩ ጥላ በሌለው ጉድጓድ ፀሐይ ሲመታው ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። ፈሳሹን ወደ ሩቅ ማሳ ማጓጓዝም ከባድ ነው። ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ ኮምፖስት ካልሆነ ዙሩ ማሳው ላይ ሳይደርስ ያልቃል።

ያለ ፕሮጀክት የኖሩ ዙሮች

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ማንም ሥልጠና ሳይሰጥባቸው፣ ድጎማም ሳይመደብላቸው የኖሩ ዙሮች አሉን።

የኑግ ዘይት ሲጨመቅ ፋጉሎ ይቀራል። ጨማቂው ይሸጠዋል፤ ከብት አድላቢው ገንዘብ አውጥቶ ይገዛዋል፤ ነጋዴው በመካከል ትርፉን ያገኛል። እያንዳንዱ እጅ የሚያገኘው ስላለ "ፋጉሎን መልሰን እንጠቀም" የሚል ዘመቻ አላስፈለገም።

በአርሲ ነገሌ ደግሞ የአረቄ አውጪዎቹን ሥራ እንመልከት። አረቄው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን አተላ ከብት ይበላዋል፤ በአካባቢው የከብት ማድለብ ሥራ ከአረቄው ጋር ተያይዞ አድጓል። እህሉ አረቄ፣ አተላው ሥጋ፣ እበቱም ፍግ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ ዙር ከየት ይመጣል? ያሰኛል።

ነገር ግን ከምድጃው ሥር እንይ። አረቄ ማውጣት እጅግ ብዙ እንጨት ይፈጃል። ለዓመታት ያ እንጨት በብዛት የመጣው በአቅራቢያው ካለው ከሙኔሳ ደን ነው። እንስራው የተገጠመለት እሳት ላይ ለሰዓታት ጢስ እየሳቡ የሚውሉትም ሴቶች ናቸው። ስለዚህ አተላው ሲዞር ይታያል፤ ደኑ ሲያልቅና የሴቶቹ ጤና ሲጎዳ ግን በሂሳብ መዝገብ ላይ አይታይም።

ከሁለቱ ታሪኮች የምማረው ይህ ነው። የባዮጋዙ ዙር ለአገርና ለአፈር ይጠቅማል፤ ነገር ግን በየመካከሉ ያሉት እጆች ድካማቸውን የሚክስ ነገር ስላላገኙ ይቋረጣል። የአረቄው ዙር በየመካከሉ ያሉትን እጆች ይከፍላል፤ ነገር ግን ማንም ዋጋ ያልከፈለበትን ደን እየበላ ይኖራል። አንዱ ባለመክፈል ይቆማል፣ ሌላው ባልተከፈለ ዕዳ ይቀጥላል። ዘላቂ የምንለው ሥራ ከሁለቱም ፈተና ማለፍ አለበት።

እንዴት እንመዝን?

በመሆኑም ወደፊት ለዩኒየናችን "ተረፈ ምርትን ወደ ገቢ" የሚል የሥራ ዕቅድ ሲቀርብ፣ የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች በጠቅላላ ጉባኤ እንዲነሱ ሐሳብ አቀርባለሁ።

1. ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እጅ ማን ምን ይሠራል፤ ማንስ ምን ያገኛል? አንድ ሰው ብቻ የሚደክምበትና ሌላው ብቻ የሚያተርፍበት ቦታ ካለ ዙሩ የሚበጠሰው እዚያ ነው።

2. ከዙሩ ውጭ የሚገባው ምንድን ነው? ውኃ፣ እንጨት፣ ናፍጣ፣ ድጎማ ይቆጠር። ድጎማው በሦስተኛው ዓመት ቢቋረጥ ሥራው በራሱ እግር ይቆማል ወይ?

3. የሴቶችና የልጆች ጉልበት በወጪ ውስጥ ተቆጥሯል ወይ? ያልተከፈለ ድካም ትርፍ አይባልም።

4. ዕቃው ሲበላሽ ማን ይጠግናል፣ መለዋወጫው ከየት ይገዛል፣ ክፍያው ከየትኛው ሒሳብ ይወጣል?

5. መጨረሻው ማሳው ነው ወይ? ከማሳው የወጣው ምን ያህሉ ተመለሰ? ገቢ ተገኝቶ አፈሩ ከተራቆተ ዙሩ ተቋርጧል።

እነዚህ ጥያቄዎች ለባዮጋዝ ብቻ አይደሉም። ለቡና እጥበት ጣቢያም ይሠራሉ። ከእሸት ቡና ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ገለፈት ነው። ወንዝ ውስጥ ሲጣል ውኃውን ያበላሻል፤ ኮምፖስት ሆኖ ሲመለስ ግን የቡና ማሳውን ያለማል። ማን ይቆልለዋል፣ ማን ያገላብጠዋል፣ በማን ወጪ ይጓጓዛል የሚለው ካልተመለሰ ግን የገለፈቱ ክምር እንደ ባዮጋዙ ገንዳ ለጎብኚ ብቻ የሚታይ ይሆናል።

ምዘናው የሚደረግበት ጊዜም ወሳኝ ነው። በምረቃው ቀን የማይሠራ ማብላያ የለም፤ ሪባን ሲቆረጥ ሁሉም እሳት ይነዳል። እውነተኛው ሪፖርት የሚጻፈው በአምስተኛው ዓመት፣ በበጋ ወር፣ ውኃ ሲርቅ ነው። "ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል" እንደሚባለው፣ ዛሬ በወረቀት ላይ የምንሰቅለውን ዕቅድ ነገ አባሉ እንዳይቸገርበት እናስብ።

ለዩኒየናችን የማቀርበው ሐሳብ

በመጀመሪያ አዲስ ከመገንባታችን በፊት በአባል ማኅበራት ክልል ያሉትን ማብላያዎች እንቁጠር። የሚሠሩት ስንት ናቸው? የቆሙት በምን ምክንያት ቆሙ? ብዙዎቹ በጎማና በቫልቭ የሚመለሱ ይመስለኛል። የቆመውን ማስነሳት አዲስ ከመቆፈር በእጅጉ ይረክሳል።

ሁለተኛ፣ መሠረታዊ ማኅበራት ከዘርና ከማዳበሪያው ጎን እነዚህን አነስተኛ መለዋወጫዎች በሱቃቸው ይያዙ። ከየቀበሌው ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ተመርጠው ይሠልጥኑ። ክፍያቸውም እንደ ኔፓሉ ልማድ ከፊሉ ሲገነቡ፣ ከፊሉ ደግሞ ማብላያው ዓመት ሠርቶ ሲገኝ ይሁን። የኅብረት ሥራ ማኅበር ከማንኛውም ፕሮጀክት የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ፕሮጀክት ጊዜው ሲያልቅ ይሄዳል፤ ማኅበር ግን የአባላቱ ስለሆነ እዚያው ይኖራል።

ሦስተኛ፣ ውኃ ከሩቅ ለሚቀዳበት ቤትና ከብቱ ላነሰ ቤተሰብ ባዮጋዝ አንምከር። ለእነርሱ ጥላ ያለው የፍግ ጉድጓድና ኮምፖስት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም እንጀራውን ጭምር ያግዛቸዋል። አንድ ዓይነት ምክር ለሁሉም መስጠት የእኛ የባለሙያዎች የቆየ ስህተት ነው፤ ራሴንም ከዚህ አላወጣም።

አራተኛ፣ ምዘናው ላይ እናቶች ይቀመጡ። ውኃውን የሚቀዱት፣ እበቱን የሚበጠብጡት፣ ምጣዱን የሚጥዱት እነርሱ ናቸው። ያኔ ከመቆፈሩ በፊት እማማን "እንጀራውስ?" ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ቤተሰቡ ከብዙ ወጪ በዳነ ነበር።

በመጨረሻ ወደ እማማ ቤት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ማብላያው በአንድ ጀምበር አልተነሳም። ይሁን እንጂ ልጃቸው ከጣራ ላይ የክረምቱን ውኃ የሚያጠራቅም በርሜል አስቀምጧል፤ ከመውጫው ጉድጓድ የቀረውን የቆየ ዝቃጭም ከገለባ ጋር አብላልተን ጎመኑ ላይ አዋልነው። ስለ ጋዙ ጠየቅኋቸው። "ውኃው ከበቃ ለወጡ እሞክረዋለሁ፤ ምጣዱን ግን አንተ አምጣልኝ" ብለው ሳቁ።

ምጣዱን እስካሁን አላመጣሁላቸውም። ሪፖርቴ ላይ ግን በእጄ አስምሬ አንድ ዓምድ ጨምሬያለሁ፦ "ዛሬ የሚሠራ" የሚል። ዩኒየናችንም በቀጣዩ የምሥረታ በዓል ያችን ዓምድ ሞልቶ እንዲጠብቀን እየተመኘሁ እሰናበታለሁ።

መልካም በዓል! የምርት ዘመኑንም የበረከት ያድርግልን።